የትኋኗ አንገት ላይ ያለች ፀጉር

ጁባ ውስጥ ስሜ «ተካ ትኋን» ነው። ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም፤ መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ግን የአባቴ ስም ይመስል ለምጄዋለሁ። ስልክ ደውለው «ጋሽ ተካ ትኋን ነህ?» ሲሉኝ «አቤት፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። ትከሻዬ ላይ መርጫ አንግቼ፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ መነጽር ይዤ፣ ከሙኑኪ እስከ ረጃፍ ያልገባሁበት መኝታ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የባለሥልጣን ፍራሽም ገልብጫለሁ፣ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂ ፍራሽም ገልብጫለሁ፤ ትኋን እንደሆነች ሰው አታዳላም። ባለፈው ሳምንት ግን ኮሎሎ መንገድ ላይ ካለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ተጠርቼ ሄጄ፣ ስመለስ መርጫዬን እንኳ ሳላጥብ በሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራም አልያዝ ብሎኛል። እዚያ የሰማሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ወሬ ከጫፉ መጀመር አልችልም።

ሰላም ወረደ ተብሎ አበሻው ሁሉ ወደ ጁባ የጎረፈበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በዋጋ ነው። የታሸገ ውሃ ከአንድ ሳህን ጥብስ እኩል የሚሸጥበት፣ ዲናሩ ከኪሳችን ሳይወጣ ፓውንዱ የገባበት ዘመን ነበር። ዛሬ ሻይ ልጠጣ ብዬ የብር እሽግ በፌስታል አንጠልጥዬ ስወጣ፣ ያ ሁሉ ተረት ተረት ይመስለኛል። አስፋልት የሚባለው ነገር ከኤርፖርት ይነሳና ትንሽ እንደሄደ ይደክመው ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀይ አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቀይ ጭቃ። እኛ ወንዶቹ ከካምፓላ የመጣ ሰፊ ጂንስ እንለብሳለን፣ ኪሱ ጉልበት ላይ ሁሉ ያለ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ያየን እንደሆነ «ይሄ ዛሬ ነው የመጣው» እንባባላለን። ከመንገዱ ማዶ ካሴት የሚሸጥ የካርቱም ልጅ ነበር። የኛን አገር ዘፈን ከጧት ጀምሮ ይለቅና፣ አንዲት ቃል ሳያውቅ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ ያንጎራጉራል። ስንዱ አንድ ቀን «ምን እያለ እንደሆነ ልንገርህ?» ብትለው፣ «ላ፣ ላ! ከነገርሽኝ ይበላሽብኛል» አላት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ካርድ መሸጫ ተሠርቶበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

ስንዱን ቸኩዬ አነሳኋት። ሙኑኪ ውስጥ የውሃ ቦቴዎች ከሚቆሙበት ጥግ ገባ ብሎ፣ እትዬ አልታዬ የምትባል የደብረ ብርሃን ሴት ሆቴል ከፍታ ነበር። ፊት ለፊቱ ምግብ ቤት ነው፣ ከኋላ ደግሞ ሠራተኞቿና ጥቂት ተከራዮች የምናድርባቸው ክፍሎች ነበሩ። የእትዬ አልታዬ እጇ ለጋስ ነበር፣ ምላሷ ግን ሚጥሚጣ። የተራበ አበሻ ካየች ሒሳብ አትጠይቅም፤ ከበላ በኋላ ግን ስለ ፂሙም፣ ስለ ጫማውም፣ ስለ ሥራ ፈትነቱም ትነግረዋለች። እኔ የጄኔሬተር ሜካኒክ ነበርኩ። የሷን ጄኔሬተር አስነሳላትና በለውጡ አንዲት ክፍል ሰጥታኝ ነበር። ስንዱ የእህቷ ልጅ ናት፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሆቴሉን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች። ቢጫ አበባ ያለበት ጉርድ ቀሚስ ነበራት፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ከፊት ያለች አንድ ጥርሷ ጎረቤቷ ላይ ስለተደረበች። እኔ ያቺን ጥርስ ለማየት ስል ስንት የማያስቅ ቀልድ አውርቻለሁ። ጄኔሬተሩ ዘንድ ሻይ ይዛ መጥታ «ዛሬስ ሕመምተኛው እንዴት ዋለ?» ትለኛለች፤ እኔም «ሐኪሙ ነው የታመመው» እላታለሁ። በቃ፣ ይኸው ነበር ፍቅራችን። ከሰፈሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ተነጋግሬ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ለእትዬ አልታዬ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቼ ነበር። ስንዱ ታውቃለች። እትዬ አልታዬም የጠረጠረች ይመስለኛል፤ በዚያ ሰሞን ስለ ፂሜ መናገር ትታ ነበር።

ቤቱ የማማ ፖኒ ነበር። ማማ ፖኒ የባሪ ጎሣ ሴት ናት፣ ከግቢው ማዶ ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበሯን አውጥታ የምትውል፣ ቀጭን ረጅም። ችግሩ የቤቱ ኮርኒስ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበት ነበር። ቀን ቀን ከላይ ይንጫጫሉ፣ ኩሳቸው በኮርኒሱ ቀዳዳ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል፣ ሽታቸው ደግሞ የምግብ ቤት ነገር አይደለም። እትዬ አልታዬ ለማማ ፖኒ አቤት ብትላት፣ ማማ ፖኒ እጇን አወዛውዛ «ሰይቡ ኡሞን፤ ኡሞን ጊ አኩሉ ናሙስ» አለቻት። ተዋቸው፣ ትንኝ ይበሉልሻል ማለቷ ነው። እትዬ አልታዬ «እኔ ትንኝ የሚበላ ሳይሆን ጥብስ የሚበላ ደንበኛ ነው የምፈልገው» ብላ ተነሳች። የኛ ሰው እርኩስ ነገር ሲያባርር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በርበሬ በከሰል ላይ፣ አሮጌ የላስቲክ ጫማ በላዩ ላይ፣ ከላይ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሥር ተጨመረበት። እሳቱ በየክፍሉ ተቀምጦ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የኮርኒሱ መግቢያ ተከፍቶ ጭሱ ወደ ላይ ተለቀቀ። ሙኑኪ ግማሹ አስነጠሰ። የሌሊት ወፎቹ በጠራራ ፀሐይ እየተጋጩ ወጡ፤ ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሏቸው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን ሁሉ በቆርቆሮ መታሁ። እትዬ አልታዬ ደንበኛውን ሁሉ ቢራ ጋበዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ተረት ለዚያ ቀን የተተረተ መሆኑን ማን ልብ ብሎት።

ብዙም ሳንቆይ ጧት ስንነሳ ክንድና አንገታችን እየቆሰለ መጣ። መጀመሪያ ትንኝ አልነው፤ ቀጥሎ ሙቀት አልነው። በኋላ አንድ ጧት እትዬ አልታዬ ከነጭ አንሶላዋ ላይ አንዲት ተባይ በሁለት ጣቷ ይዛ መጣች። ቡኒ፣ ጠፍጣፋ፣ ክንፍ የሌላት፣ የምስር ክክ የምታክል። ጥፍሯ ላይ አድርጋ ደፈጠጠቻትና አሸተተቻት። ያቺን ሽታ አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው አይረሳትም፤ እርጥብ የድምብላል ቅጠል ትመስላለች፣ ብቻ ምግብ የሚያስጠላ ድምብላል። «ትኋን!» አለች። አገር ቤት ያደገ ሰው ለዚህ ማረጋገጫ አይጠይቅም። ውሃ ፈልቶ የአልጋ ብረት ላይ ፈሰሰ፣ የአልጋ እግር ሁሉ ላምባ ባለበት የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመ። ንክሻው አልቀረም። በእግሩ መውጣት ያልቻለ ነገር ከየት እንደሚመጣ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየም፤ ሁላችንም ወደ ታች ነበር የምናየው። በዚያ ግቢ ሁሉም ሰው የሚተኛው ከገበያ በተገዛ ስፖንጅ ላይ ነው። እኔ ብቻ እናቴ ናዝሬት ላይ ጥጥ አስሞልታ የሰጠችኝን ፍራሽ፣ በሞያሌ በናይሮቢ አዙሬ፣ በትራክ ላይ ጠቅልዬ ያመጣሁት ነበር። የጥጥ ፍራሽና ትኋን ደግሞ በኛ አገር ባልና ሚስት ናቸው።

ማንም «ያንተ ነው» አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተሟግቼ ወይ ረትቼ ወይ ተረትቼ እወጣ ነበር። እትዬ አልታዬ አንድ ጧት ወጥ እያማሰለች፣ ለኔ ሳይሆን ለድስቱ፣ «ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ብቻውን አይመጣም» አለች።

ስንዱ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «እትዬ፣ እኛስ ከየት መጣን?» አለቻት።

«እኛማ በስፖንጅ ነው የምንተኛ!»

እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። አሽሙር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከመለስክ ነገሩን በራስህ ላይ አጸደቅህ፣ ዝም ካልክም አጸደቅህ። በሌላ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ የኔ ፍራሽ ብቻ፣ ብቻውን፣ ግቢው መሀል ሁለት ወንበር ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። ደንበኛው ሁሉ እየበላ ያየዋል። የእናቴ እጅ የሰፋው ሰማያዊ ክር ሳይቀር ይታያል። በዚያው ቅጽበት ማማ ፖኒ ለጉዳይ ብቅ አለች፤ እትዬ አልታዬ ክንዷን እያከከች ወደ ፍራሹ እየጠቆመች «ማማ፣ ትኋን! ትኋን!» አለቻት። ማማ ፖኒ ፍራሹን አላየችም። ቀና ብላ በጭስ የጠቆረውን የጣሪያ ጠርዝ ተመለከተችና ራሷን ነቀነቀች። «አይዋ፣ ዱካን! ዱካን ጂቡ ሙሽኪላ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽኪላ ችግር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዱካን ደግሞ በገበያው ዓረብኛ ሱቅ ነው። ትኋንን ዱካን አለቻት! ሱቅ ችግር ያመጣል አለች! አስተናጋጆቹ በሳቅ ትሪ ጣሉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ፍራሼን መጠቅለል ጀመርኩ። «ፀሐይ አሙቃችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ስንዱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ «ተካ፣ ቆይ» አለች። ሰው ሁሉ ያያት ነበርና ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ዞሬ አላየኋትም።

የቦዳቦዳ ነጂዎቹ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ፍራሽ አንጭንም አሉኝ። ተሸክሜው ሙኑኪን በቀትር አቋረጥኩ። ሽማግሌ ሊሆኑልኝ የነበሩት ሰዎች «ልጄ፣ ነገሩ እስኪበርድ እንቆይ» አሉኝ። ነገሩ በረደ፤ እኔም በረድኩ። ጉምሩክ የሚባለው ሰፈር አንድ ጓደኛዬ ዘንድ አርፌ ያንን ፍራሽ ስፌቱን በስፌቱ ፈታሁት። ትኋን የምትደበቅበት ጠርዙ ላይ፣ ክሩ ሥር፣ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ትታ ትሄዳለች፣ ቀፎዋን ትጥላለች። ምንም የለም። ጥጡን እፍኝ በእፍኝ ዘረገፍኩት፣ አንዲት የጥጥ ፍሬ እንጂ ሌላ አልወጣም። የኔ አለመሆኑን አወቅሁ፣ ግን ለማን ልናገር? ባዶ ፍራሽ ምስክር አይሆንም። በዚያው ሰሞን ዋው በምትባል ሩቅ ከተማ የጄኔሬተር ሥራ ተገኘና የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ለመናደድ የሚበቃ ጊዜ ዋው ላይ ነበረኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጁባ ስመለስ ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው በዝቷል፣ ተባይ የሚያጠፋ ግን የለም። ገባሁበት። ሰው ሁሉ ክንፍ የሌላትን ቡኒ ነገር ሲያይ ትኋን ነው የሚለው፤ እኔ ግን በትኋን ስም የተነካሁ ሰው ነኝና አላምንም። በዓይኔ ሳላይ መርጫ አልከፍትም። መጀመሪያ እግር ነው የማየው፤ ስምንት ከሆነ መዥገር ወይ የመዥገር ዘመድ ናት፣ ከነፍሳት ወገን አይደለችም። ስድስት ከሆነ ጎኗን አያለሁ። ከላይ ወደ ታች የተጨፈለቀች ከሆነች ትኋን ልትሆን ትችላለች፤ ከግራና ከቀኝ ተጨፍልቃ የኋላ እግሯ ከረዘመ ቁንጫ ናት፣ ብትነካት ትዘላለች። ቅማል እግሯ ጫፍ ላይ ፀጉር የሚጨብጥ ጥፍር አላት። ነጭ ሆና ወገቧ ከሆዷ እኩል ከወፈረ ምስጥ ናት፤ ወገቧ ቀጥኖ ቀንዷ እንደ ክርን ከታጠፈ ጉንዳን። ሦስት ጭራ ያላት፣ ብር የመሰለ ቅርፊት የለበሰችና ወረቀት የምትበላ አለች፤ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ይቺን አይታ ቤቷን ልትለቅ ነበር፣ «ሰው አትነካም፣ ፋይልሽን ጠብቂ» ብያት አለቀሰች በደስታ። ምስጥና ጉንዳን በዝናብ ሰሞን ክንፍ አውጥተው በኋላ ይጥሉታል፤ ትኋን ግን ከጥንትም ክንፍ አልነበራትም፣ ክንፍ ሊወጣ የታሰበበት የሚመስል ጉጥ ብቻ አላት። የማትበር ነገር ሰው ተሸክሞ ነው የሚያመጣት ይባላል። እኔም ይህን አምን ነበር።

እስከ ረጃፍ ድረስ። ረጃፍ ላይ፣ ከወንዙ ዳር ወጣ ብሎ፣ ባለቤቱ ካርቱም ኖሮ የተመለሰ አንድ ቤት ነበር። ለዓመታት የዓሣ መረብ ብቻ የተቆለፈበት ቤት ነው። ሰውየው ጣሪያውን አጽድቶ፣ የሌሊት ወፎቹን አስወጥቶ፣ አዲስ አልጋ ከነፕላስቲኩ አስገባ፤ በሳምንቱ ልጆቹ ተነክሰው ተነሱ። «ትኋን ነው፣ ፍራሹን የሸጠልኝን ሰው እከሰዋለሁ» አለኝ። ተባይዋን አሳየኝ፤ ትኋን ናት፣ ጥርጥር የለውም። ግን አልጋ ያልነበረበት ቤት ውስጥ ይህን ያህል ትኋን ምን በልታ ተራባች? ከጁባ ሆቴሎች የሰበሰብኳት ሌላ ትኋን በብልቃጥ ይዤ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። እግሩም፣ ቀለሙም፣ ሆዱም አንድ ነው። አንገቷ ላይ ግን፣ ከራሷ በስተኋላ ያለችው ትከሻዋ ጠርዝ ላይ፣ የረጃፏ ፀጉር ይረዝማል። የጁባዋ ፀጉር ከዓይኗ ስፋት ያንሳል፤ የረጃፏ ይበልጣል። ሌላ ልዩነት የለም። ጣሪያ ስር ወጥቼ ከወፎቹ ማደሪያ ስንጥቅ ውስጥ ብፈልግ፣ ባለ ረጅም ፀጉሮቹ ተጣበው ተቀምጠዋል። የሌሊት ወፍ ትኋን ናት። ወፉ ሲባረርባት ርቧት ወደ ሰው ትወርዳለች እንጂ፣ ፍራሽ ምኗም አይደለም።

ከመሰላሉ ስወርድ የሙኑኪው በርበሬ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በዚያ ጊዜ ዓረብኛዬ ደህና ነበርና ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ ዱካን ሱቅ ብቻ አይደለም፣ ጭስም ዱካን ነው። ማማ ፖኒ ትኋን ስንላት ጭስ ያልን መስሏት ነበር። እናም የጠየቅናትን ሳትሰማ መልሱን ነገረችን። ጭሱ ነው ችግር ያመጣው። በሳቅ አሰናበትናት።

በማግስቱ ሙኑኪ ሄድኩ። ከተማው በተኩስ ከተናወጠ በኋላ ነበርና ሆቴሉ የለም፤ ክፍሎቹ የሚያገሳ የብየዳ ቤት ሆነዋል። ማማ ፖኒ ማንጎው ሥር አለች፣ አርጅታ። ነገሩን ስነግራት ብዙም አልተገረመችም። «አና ከለም ለይታኩም» አለችኝ፤ ነግሬያችሁ ነበር እኮ። እትዬ አልታዬ አገር ቤት ገብታ መሞቷን፣ ስንዱ ከዚያ በፊት ካምፓላ ሄዳ ማግባቷን ነገረችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ያን ዕለት አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ መነጽር ቢኖረው፣ ወይም ከኛ አንዱ ዓረብኛ ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ቢማር፣ እትዬ አልታዬ ስለ ፂሜ እየተናገረች የኔ አማት ሆና ታረጅ ነበር። እኔ ሳላገባ ቀረሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶብኝ» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ሌላ በር ለማንኳኳት አቅሙ ጠፋብኝ። የሚቆጨኝ ሰዉ የተሳሳተው በክፋት አለመሆኑ ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበት እጠላው ነበር፣ ቀለል ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ወደ ኮሎሎ የጠራኝ ስልክ የወንድ ድምፅ ነበር፤ የእንግዳ ማረፊያው ዘበኛ ነው። ስገባ መርጫዬን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ባለቤቷን ጠበቅሁ። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የዓይን መነጽሯ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አንዲት ተባይ ይዛ ወጣች። «ጋሽ ተካ ትኋን አንተ ነህ?» አለችና ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ቆሜ ቀረሁ። ስንዱ እንዲህ አረጀች፤ እኔ ምን እንደመሰልኳት እግዜር ይወቅ። ተጨባበጥን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ወንበር አቀረበችልኝ። ባሏ ካምፓላ ላይ እንደሞተባት፣ ልጆቿ እዚያው እንደሚማሩ፣ ጁባ ከተመለሰች ገና እንደሆነ ነገረችኝ። ስሜን ከገበያ ሰምታ «የኛ ተካ ይሆን?» ብላ ነው ዘበኛውን ያስደወለችው።

ብልቃጡን ተቀበልኳት። መነጽሬን ሰክቼ አየሁ። የትኋኗ ፀጉር አጭር ነው። «ይቺ የሰው ናት» አልኳት፣ «በሻንጣ የመጣች።»

«ታዲያ ዛሬስ የማንን ፍራሽ እናስጣ?» አለች።

ይህን ጊዜ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ረጃፉ ቤት፣ ስለ ሁለቱ ፀጉር፣ በርበሬ አጭሰን ስላስራብናቸው ትኋኖች፣ ማማ ፖኒ ዱካን ስላለችው። ይህን ንግግር ለዓመታት በልቤ ሳዘጋጀው የኖርኩት ነው፤ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ነው የተናገርኩት። «የኔ አልነበረም ስንዱ» አልኩ በመጨረሻ። «የማንም አልነበረም።»

ስጨርስ መነጽሯን አንስታ በቀሚሷ ጠርዝ መጥረግ ጀመረች። «እንዲህ ከሆነማ በሐሰት ነው የማልኩት» አለች።

«ምን ማልሽ?»

«አንተ በወጣህ በሳምንቱ የማርያም ማህበር እኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ስላንተ አንስተው ይስቃሉ፣ እትዬም አብራ ትስቃለች። ጽዋው ፊት ቆምኩና ‹ትኋኑ የመጣው ከኔ ሻንጣ ነው፣ ማርያምን!› አልኩ። አይቼው አይደለም። እትዬ እንድትመልስህ ብዬ ነው።»

«እና?»

«እና አመነች። አለቀሰችም። በነጋታው ሹፌር ላከችብህ፣ ‹ይቅርታ ብላለች፣ ይምጣ› እንዲልህ። ‹ዋው ሄዷል› ብሎ ተመለሰ።» መነጽሩን አሁንም ትጠርጋለች። «ከዚያማ ትኋናሟ እኔ ሆንኩ። ሴቶቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰብስበው ነው። ደንበኛም ከኔ እጅ ሲቀበል ይሳቀቃል። እትዬ ነች በኋላ ካምፓላ የሰደደችኝ፣ ስሜ የማይታወቅበት አገር።»

እጄ ላይ የቀረውን ብልቃጥ ከወንበሬ ሥር አስቀመጥኩት።

«ካምፓላ ላይ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ» አለች። «‹በማርያም ስም ምያለሁ፣ ውሸት ይሁን እውነት ግን አላውቅም፤ ከኔም ሻንጣ ሊሆን ይችላል› አልኳቸው። ‹ልጄ፣ እንግዲያው ስታውቂ ነይ› አሉኝ። ይኸው አሁን አወቅሁ።»

ሁለታችንም ግቢውን እናያለን። ያን ሁሉ ዘመን የኔ አለመሆኑን ለማረጋገጥ የነፍሳት ፀጉር ስለካ ኖሬያለሁ፤ እሷ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ «የኔ ነው» ብላ ወስዳው ኖሯል።

«የንስሐ አባትሽ የሚሰጡሽን ስግደት ግማሹን እኔ ልስገድልሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች፤ እጇን ግን አፏ ላይ አላደረገችም።

«መካፈሉማ ያኔ ነበር እንጂ፣ ተካ» አለችና እንድረጭ የክፍሎቹን ቁልፍ ሰጠችኝ።